የቆሻሻ ሂሳቡ ከየት መጣ? የአሜሪካ ከተሞች በደንብና በውሳኔ አገልግሎት የሚያደራጁበት መንገድ

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ተቀምጠን ሳለ፣ አንዲት እናት ከቦርሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡና «ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ። ማስታወቂያ ከሆነች ልጣላት» አሉኝ። ካሊፎርኒያ ከመጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ትንሽ ቤት አለቻቸው፤ የሚኖሩት ለብቻቸው ነው። የፖስታ ሳጥናቸው በየቀኑ በፒዛ፣ በጥርስ ሐኪምና በመኪና ዋስትና ወረቀት ይታጨቃል። ይቺኛዋም ከእነዚያ የምትለይ አትመስልም ነበር፤ ሁለት ገጽ ናት፣ ጽሕፈቷ ደቃቅ፣ መካከሏ በሰንጠረዥ የተሞላ።

አነበብኳት። ከተማው የቤት ቆሻሻ ማንሻ ታሪፍ ለመጪዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ ሊጨምር አስቧል። ጉዳዩ የሚታይበት ስብሰባ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ተጽፏል። የሚቃወም ሰው ተቃውሞውን በጽሑፍ ማቅረብ እንደሚችልም በመጨረሻው አንቀጽ ተገልጿል። «እትዬ፣ ይቺስ አትጣልም» አልኳቸው።

«ማነው ደግሞ የሚጨምረው? ማን ጠየቀኝ?» አሉ። እውነተኛ ጥያቄ ነው። ለመመለስ የዚያን ዕለት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። እንደ እርሳቸው የሚጠይቁ ብዙ ሰዎች ስላሉ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው አልኩ።

እድር ውስጥ የኖረ ሰው ግማሹን ቀድሞ ያውቀዋል። እድር መተዳደሪያ ደንብ አለው። በደንቡ ላይ «አባል በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ የመዋጮው መጠን በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰናል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ደንብ በየወሩ አይነካም። ለማሻሻል ቢፈለግ አባላት በወጉ ይጠራሉ፣ ረቂቅ ይቀርባል፣ ይነበባል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። በየስብሰባው ደግሞ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ከዚህ ወር ጀምሮ መዋጮው ይህን ያህል ይሁን፣ ድንኳኑ ይጠገን፣ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት ይገዛ፣ ለሟች ቤተሰብ የኀዘን ደብዳቤ ይጻፍ። ደንቡ ግዴታውን ይተክላል። ቃለ ጉባኤው ቁጥሩን፣ ገንዘቡንና ቀኑን ይሞላል።

የአሜሪካ ከተማ ምክር ቤትም የሚሠራው በእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ነው። የመጀመሪያው እነርሱ ኦርዲናንስ የሚሉት ነው፤ እዚህ ደንብ እለዋለሁ። ሁለተኛው ሪዞሉሽን ነው፤ የምክር ቤት ውሳኔ እለዋለሁ። ከአገር ቤት የመጣ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። በእኛ አገር አዋጅ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ መመሪያ ደግሞ ከየመሥሪያ ቤቱ ይወጣል። ስለዚህ ደንብ ሲባል የአስፈጻሚው አካል ወረቀት ይመስለናል። የአሜሪካ ከተማ ደንብ ግን ነዋሪው በመረጣቸው ሰዎች የሚወጣ በከተማው ወሰን ውስጥ ያለ ሕግ ነው፤ የጣሰው ይቀጣል።

ካሊፎርኒያን እንደ ምሳሌ የምወስደው የምኖርባትና ሥርዓቷን በቅርብ የማውቃት ስለሆነች ነው። ሌሎች ግዛቶች በዝርዝሩ ይለያሉ፤ አጥንቱ ግን ተመሳሳይ ነው። በዚህች ግዛት ከ480 በላይ ከተሞች አሉ። ብዙዎቹን የሚመራው አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት ነው። ደንብ ሲወጣ በአንድ ስብሰባ ቀርቦ በዚያው ምሽት አይጸድቅም። መጀመሪያ ይተዋወቃል፤ ቢያንስ አምስት ቀን አልፎ በሌላ መደበኛ ስብሰባ ዳግም ቀርቦ ይጸድቃል። ከጸደቀ በኋላም ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም፤ 30 ቀን ይጠብቃል። በ15 ቀን ውስጥም ለሕዝብ መታተም አለበት።

እነዚያ 30 ቀናት ዝም ብለው የተቀመጡ አይደሉም። ደንቡን የማይፈልጉ ሰዎች በዚያ ጊዜ ውስጥ ከከተማው የተመዘገቡ መራጮች የ10 በመቶውን ፊርማ ካሰባሰቡ ደንቡ ይታገዳል። ምክር ቤቱ ያን ጊዜ ወይ ይሽረዋል ወይ ለሕዝብ ድምፅ ያቀርበዋል። ግብርን የመሳሰሉ ከዚህ ነጻ የሆኑ ጉዳዮች አሉ። የሕዝብን ደኅንነት የሚነካ አስቸኳይ ነገር ከሆነም ከአምስት አባላት አራቱ ከተስማሙ፣ ምክንያቱም በደንቡ ላይ ከተገለጸ፣ ያኑ ዕለት ሊጸና ይችላል። እንደ ሎስ አንጀለስና ኦክላንድ ያሉ የራሳቸው ቻርተር፣ ማለትም የከተማው ዋና መተዳደሪያ ሕግ፣ ያላቸው ከተሞች በአካሄዱ ላይ የየራሳቸውን ነገር ይጨምራሉ።

የምክር ቤት ውሳኔ ግን በአንድ ምሽት ይቀርባል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ብዙውን ጊዜ ያኑ ሰዓት ይጸናል። በስብሰባው ያልነበረ ሰው ሲነቃ አልቆ ያገኘዋል።

ውሳኔ የብዙ ዓይነት ነገር ማኖሪያ ነው። ዓመታዊው በጀት የሚጸድቀው ብዙ ጊዜ በውሳኔ ነው። ከግዛቱ መንግሥት ድጋፍ ለመጠየቅ፣ ውል ለመፈረም፣ ለመሬት ይዞታ፣ ለሠራተኛ ደመወዝ ውሳኔ ይወጣል። ክብር ለመስጠትና ስም ለመሰየምም እንዲሁ የምክር ቤቱ ድምፅ ይበቃል። በ2002 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች የተደረደሩበትን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲጠራ በሙሉ ድምፅ ተስማማ። ይህ ለኛ ሰው ትልቅ ኩራት ነው፤ መንገዱ ዳር የቆመውን ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሆኖም ስያሜ ስያሜ ነው። የምግብ ቤቱን ኪራይ አይቆርጥም፣ ደንበኛው መኪናውን የሚያቆምበትን ሰዓት አያራዝምም። እነዚያን ለመንካት የስያሜ ውሳኔ አይበቃም። አንዱ ሌላውን እየመሰለን «ምክር ቤቱ እኮ አውቆናል» ብለን ተደስተን ወደ ቤት የምንሄድበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ቆሻሻው እንመለስ፤ ሁለቱ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚተባበሩ እንደ ቆሻሻ ማንሳት አድርጎ የሚያሳይ ነገር የለምና።

በ2016 ካሊፎርኒያ ኤስቢ 1383 የሚባል ሕግ አወጣች። የምግብ ትርፍራፊ፣ ቅጠላ ቅጠልና የመሳሰለው ነገር በቆሻሻ መድፊያ ተቀብሮ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል አየሩን አብዝቶ የሚያሞቅ ጋዝ ይወጣዋል። ሕጉ በ2014 ከነበረው መጠን ተነሥቶ እስከ 2025 ድረስ ወደ መድፊያ የሚሄደው እንዲህ ያለ ቆሻሻ በ75 በመቶ እንዲቀንስ ግብ ጣለ። ዝርዝር መመሪያው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሕዝባቸው የሳሳ ራቅ ያሉ ጥቂት አካባቢዎች ጊዜ ቢሰጣቸውም፣ የቀረው ከተማና ካውንቲ (ከተሞችንና ከከተማ ውጭ ያለውን የሚይዝ የግዛቱ የአስተዳደር ክፍል) ሁሉ ነዋሪውን የሚያስገድድ ደንብ እንዲያወጣ ታዘዘ።

ከተማው ደንቡን አወጣ። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ እያንዳንዱ ቤት ሦስት ማጠራቀሚያ ይኑረው፤ የምግብና የአትክልት ነገር በአረንጓዴው፣ ወረቀት፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ በሰማያዊው፣ የቀረው በግራጫው ወይም በጥቁሩ ይጣል። የእንጀራ ቁርጥራጭ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ አረንጓዴው ውስጥ ነው የሚገባው። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ የማያከብር ሰው መቀጮ ሊጣልበት ይችላል። በግዛቱ መመሪያ መሠረት ለመጀመሪያ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ዶላር፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከ100 እስከ 200፣ ለሦስተኛ ጊዜና ከዚያ በኋላ ከ250 እስከ 500 ዶላር ነው። ምግብ ቤት ላላቸው ወገኖቻችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ የወጥ ቤት ሠራተኛ የላስቲክ ከረጢት ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ቀላቅሎ ቢጥል ጥፋቱ የሚቆጠረው በባለቤቱ ላይ ነው።

እስካሁን ያለው ሁሉ ግዴታ ነው፤ ደንብ ነው። መኪናው በየትኛው ቀን ይመጣል? የየትኛው ድርጅት መኪና ነው? በወር ስንት እንከፍላለን? የደንቡን መጽሐፍ ብታገላብጡ ይህን አታገኙትም። በምትኩ አንድ ዐረፍተ ነገር ታገኛላችሁ፦ ክፍያው «በየጊዜው በምክር ቤቱ ውሳኔ በሚወሰነው መጠን» ይሆናል የምትል።

ይቺን ዐረፍተ ነገር በቀይ ቀለም ብታሰምሩባት እወዳለሁ። የከተማ አገልግሎት መቆለፊያዋ እርሷ ናት። ደንቡ በሩን ይሠራል፤ ለቁልፉ ቀዳዳ ይተዋል፤ ቁልፉን የሚያዞረው ውሳኔው ነው። የውኃ ታሪፍ፣ የግንባታ ፈቃድ ክፍያ፣ ልጆቻችን የሚዋኙበት ገንዳ መግቢያ፣ በመንገድ ዳር ምግብ ለመሸጥ የሚያስፈልገው ፈቃድ ዋጋ፣ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለተስካር የምንከራየው የመናፈሻ አዳራሽ ኪራይ፣ ሁሉም በዚች ቀዳዳ ያልፋሉ። ብዙ ከተሞች እነዚህን ዋጋዎች በአንድ ረጅም ሰንጠረዥ አድርገው በዓመት አንድ ጊዜ በውሳኔ ያጸድቋቸዋል። በብዙ ቦታ ለከተማው ነዋሪና ለበጎ አድራጎት ማኅበር ዝቅ ያለ የአዳራሽ ዋጋ አለ። ማኅበራችን ለዓመታት እንደ ማንኛውም ሰው ሙሉ ዋጋ ሲከፍል ኖሮ፣ ያን ሰንጠረዥ አንድ ሰው አንብቦ ከተገኘ በኋላ ነው ወደ ዝቅተኛው የተዛወረው።

ምክር ቤቶች ዋጋውን ከደንቡ ውጭ ማስቀመጣቸው ክፋት አይደለም። የነዳጅና የሠራተኛ ዋጋ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ለእያንዳንዱ ለውጥ ሁለት ስብሰባና 30 ቀን ይጠበቅ ቢባል መኪናው ቆሞ ይቀራል። በሌላ በኩል አንድ ጠንካራ መርሕ አለ፤ ደንብ የሚሻሻለው በደንብ ብቻ ነው። ምክር ቤቱ በውሳኔ ተነሥቶ «ሦስተኛው ማጠራቀሚያ ቀርቷል» ሊል አይችልም፤ ግዴታን የሚተክልም የሚነቅልም ረጅሙ መንገድ ነው። ነዋሪው የሚጎዳው አጭሩ መንገድ ላይ ዓይኑን ሳይጥል ሲቀር ነው።

ለዚያ ዓይን መንገድ የሚከፍትለት በ1953 የወጣው ብራውን አክት የሚባለው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። የምክር ቤት መደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ስብሰባው ከመጀመሩ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት፤ ልዩ ስብሰባ ከሆነ 24 ሰዓት ይበቃዋል። በአጀንዳው ያልተጻፈ ነገር ላይ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ምክር ቤቱ ሊወስን አይችልም። በአገራችን ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። የዚህ አገር ነጋሪት ይቺ ወረቀት ናት፤ ድምፅ የላትም እንጂ። ስብሰባው ማክሰኞ ማታ ከሆነ አጀንዳው ብዙ ጊዜ ዐርብ በከተማው ድረ ገጽና በማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ይወጣል። ዐርብ ማታ አሥር ደቂቃ ሰጥቶ ማየት የአንድ ወር ጸጸት ያድናል።

ሲያዩት ግን የት ላይ እንደሚያዩ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአጀንዳው መግቢያ አጠገብ ኮንሰንት ካሌንደር የሚባል ዝርዝር አለ። «ያከራክራሉ ተብለው የማይጠበቁ» ጉዳዮች አሥርም ሃያም ሆነው እዚያ ይሰበሰቡና በአንድ ጊዜ ድምፅ አሰጣጥ፣ ብዙ ጊዜ ያለ አንዲት የንግግር ቃል ይጸድቃሉ። የባለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እዚያ ነው፤ የወረቀት ግዥ እዚያ ነው፤ የሁለተኛ ንባብ ደንቦች እዚያ ናቸው፤ የብዙ ዓመት ውልም አንዳንዴ እዚያው ነው። የምክር ቤት አባል «ይቺን ቁጥር አውጡልኝ፣ ለብቻዋ እንነጋገርባት» የማለት መብት አለው። ማንኛውም ተሰብሳቢም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ስለ እርሷ መናገር ይችላል። በእኔ እምነት ከነዋሪው ኪስ ገንዘብ የሚያወጣ ምንም ነገር በዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት የለበትም። ሕጉ ግን እንዲህ አልከለከለም።

ማንም ሳያይ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ለማየት ወደ ቤል እንሂድ። ቤል በሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለች ከ30 ሺህ በላይ ሠርቶ አዳሪ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። በ2005 ቻርተር ይኑረን ተብሎ ለብቻው ምርጫ ተካሄደ፤ ድምፅ የሰጡት ሰዎች 400 አይሞሉም። ቻርተሩ የምክር ቤት አባላትን ደመወዝ ከሚገድበው የግዛቱ ሕግ ከተማዋን አወጣት። በ2010 ጋዜጠኞች ሲደርሱበት የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ሮበርት ሪዞ በዓመት ወደ 800 ሺህ ዶላር ደመወዝ ይቀበል ነበር። ሥራቸው የሙሉ ጊዜ ያልሆነው የምክር ቤት አባላትም ወደ 100 ሺህ ዶላር ይደርሳቸው ነበር። አባላቱ ይህን ያህል ያገኙ የነበረው በየንዑስ ቦርዱ አባልነት ስም ነው። ከቦርዶቹ አንዱ የደረቅ ቆሻሻ ባለሥልጣን የሚል ስም ነበረው፤ ስብሰባ ግን እምብዛም አያውቅም። በ2013 አምስት የቀድሞ አባላት ከዚያ ባለሥልጣን ጋር በተያያዘ ክፍያ ጥፋተኛ ተባሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ሪዞ 12 ዓመት ተፈረደበት። በሌሊት ካዝና የሰበረ ሰው አልነበረም። ሁሉም ነገር ወረቀት ነበረው።

የቤት ቆሻሻ፣ የውኃና የፍሳሽ ክፍያ ግን ተጨማሪ አጥር አለው። በ1996 የካሊፎርኒያ መራጮች ፕሮፖዚሽን 218 የሚባለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቁ። እነዚህ ክፍያዎች ሲጨምሩ ከተማው ለሚመለከታቸው ቤቶች ሁሉ በፖስታ ማስታወቂያ መላክ አለበት፤ ከማስታወቂያው በኋላ ቢያንስ 45 ቀን ቆይቶ የሕዝብ ስብሰባ ያደርጋል። በጽሑፍ የተቃወሙት ከሚመለከታቸው ይዞታዎች ከግማሽ በላይ ከሆኑ ጭማሪው ይወድቃል፤ ምክር ቤቱ ፈልጎም ሊያጸድቀው አይችልም። ለአንድ ይዞታ የሚቆጠረው አንድ ተቃውሞ ብቻ ነው። አስቀድሞ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ የጭማሪ ሰንጠረዥ በአንድ ማስታወቂያ ማጸደቅም ይቻላል። እትዬ ሊጥሏት የነበረችው ወረቀት ይህች ናት። አንዴ ካለፈች ለአምስት ዓመት ሌላ ተመሳሳይ ደብዳቤ ላይመጣ ይችላል።

ይኸው ማሻሻያ ሌላም ጠንካራ ነገር አለው፤ ክፍያው አገልግሎቱን ለመስጠት ከሚወጣው ወጪ መብለጥ የለበትም። ሳን ሁዋን ካፒስትራኖ የምትባለው ከተማ ብዙ ውኃ በተጠቀመ ቁጥር ዋጋው ደረጃ በደረጃ የሚወደድበት ታሪፍ ነበራት። በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤት እያንዳንዱ ደረጃ በእውነተኛ ወጪ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ከተማዋ አላሳየችም ብሎ ታሪፉን አልተቀበለውም። እንግዲህ ሊቃወም የሚፈልግ ሰው «ተወደደብኝ» ከሚለው ይልቅ «የወጪውን ስሌት አሳዩኝ» ቢል ጥያቄው ክብደት ይኖረዋል። ስሌቱ የሚገኝበት ጥናት የሕዝብ ሰነድ ነው፤ ከምክር ቤቱ ጸሐፊ መጠየቅ ይቻላል።

የተቃውሞ ደብዳቤው ራሱ አጭር ነው። ስም፣ የቤቱ አድራሻ ወይም የይዞታው ቁጥር፣ «ይህን ጭማሪ እቃወማለሁ» የሚል ቃልና በእጅ የተጻፈ ፊርማ። በኢሜይል የተላከውን የማይቀበሉ ከተሞች አሉ፤ አቀራረቡን እያንዳንዱ ከተማ ራሱ ስለሚወስን ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው። ደብዳቤው ስብሰባው ከመዘጋቱ በፊት ጸሐፊው እጅ መድረስ አለበት።

ከከተማ ወሰን ውጭ የሚኖሩም አሉ። እዚያ ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የለም፤ በላይ ያለው ካውንቲው ነው። እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ነዋሪዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት ዲስትሪክት የሚባል አነስተኛ መንግሥት ማቋቋም ይችላሉ። አምስት ሰዎች በቦርድ ተቀምጠው እንደተፈቀደላቸው ውኃ፣ ፍሳሽ፣ ቆሻሻ፣ የእሳት አደጋ መከላከያ፣ መናፈሻ፣ የመንገድ መብራት ያስተዳድራሉ። መሣሪያቸው ያው ደንብና ውሳኔ ነው። ስብሰባቸው ላይ ከቦርዱ ሌላ ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ገብቶ መናገሩ ከትልቅ ከተማ ይልቅ ይሰማል። እንዲህ ተጀምረው ከተማ እስከ መሆን የደረሱም አሉ፤ በሳን ዋኪን ካውንቲ ያለችው ማውንቴን ሃውስ በአገልግሎት ዲስትሪክት ስትተዳደር ቆይታ፣ ነዋሪዎቿ ድምፅ ሰጥተው ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከተማ ሆናለች።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ እዚያ ሄጄ ምን እላለሁ?» የሚል ሰው አለ። ለዚህም የሕግ መልስ አለ። በካሊፎርኒያ በምክር ቤት ስብሰባ በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ለሌላው ከተፈቀደው ጊዜ ቢያንስ እጥፍ ይሰጠዋል፤ በአንድ ጊዜ የሚተረጎምበት መሣሪያ ካለ ግን ይህ አይሠራም። ለሌላው ሁለት ደቂቃ ከሆነ ለእርስዎ አራት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ነገር አለ። የዲሲ ምክር ቤት በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶች በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለባቸው። አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ከዋናዎቹ ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ በስያሜ ውሳኔ የተገኘ ክብር አይደለም፤ መሥሪያ ቤትን የሚያስገድድ ሕግ ነው። በዚያች ከተማ የሚኖር ሰው በአማርኛ አገልግሎት ሲጠይቅ ልመና ላይ እንዳልሆነ ይወቅ።

የስብሰባው ምሽት ደረሰ። እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። ደብዳቤያቸውን ከሳምንት በፊት ለጸሐፊዋ ሰጥተን የተቀበለችበትን ቀን በማኅተም አስመትተንበታል። ስማቸው ሲጠራ ተነሡ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ተረጎምኩ። «እኔ በሳምንት አንዲት ትንሽ ከረጢት ነው የማወጣው። ስድስት ልጅ ካለው ቤት እኩል ለምን እከፍላለሁ? ለሽማግሌዎችስ ለምን አይቀነስም?» አሉ። አራቱን ደቂቃ አልጨረሱትም።

የከተማው ጠበቃ የመለሰው መልስ ፊት ለፊት ሲሰማ ቅር ያሰኛል፤ ግን ትክክል ነው። ክፍያው ከወጪው መብለጥ ስለማይችል፣ ለአንዱ ሲቀነስ ጎዶሎውን ከሌሎች ከፋዮች ላይ መጨመር አይቻልም። ለአረጋውያን ቅናሽ ቢፈለግ ከሌላ ገንዘብ፣ ለምሳሌ ከከተማው ጠቅላላ በጀት፣ መምጣት አለበት። አነስ ያለ ማጠራቀሚያ በአነስተኛ ዋጋ ማቅረብ ግን ይቻላል፤ እሱ ራሱ ወጪው ያነሰ ነውና። ጸሐፊዋ የተቃውሞውን ቁጥር አነበበች፤ ከግማሹ እጅግ የራቀ ነበር። ጭማሪው በአንድ ድምፅ አሰጣጥ አለፈ። ከዚያ አንዲት የምክር ቤት አባል የአረጋውያኑ ቅናሽና የትንሹ ማጠራቀሚያ ጉዳይ አዲሱ በጀት ከጁላይ 1 በፊት ሲታይ ራሱን ችሎ በአጀንዳ እንዲቀርብ ጠየቀች፤ ሠራተኞቹም እንዲያጠኑት ታዘዘ።

ስንወጣ እትዬ ወረቀቷን መልሰው አራት ላይ አጠፏት። ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው በጀርባዋ የበጀቱን ስብሰባ ቀን በአማርኛ ጻፉባት፤ ከሥሯም አጀንዳው የሚወጣበትን ዐርብ።